የዕድር ድንኳን፣ የኪራይ ድስት፦ ክላውድ ለጎንደር መሥሪያ ቤቶች

መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ጎንደር ደመራዋን ስትደምር ዋለች። በዚያው ዕለት ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጆን ከተማ ውስጥ አንድ የመንግሥት ዳታ ሴንተር፣ ማለትም ሰርቨር የሚባሉት ዋና ኮምፒውተሮች የሚቀመጡበት ማዕከል፣ በእሳት ተያያዘ። መነሻው ለማዛወር ሲሠራበት የነበረ የሊቲየም ባትሪ ነው። እሳቱን ለማጥፋት 22 ሰዓት ገደማ ፈጀ። በኋላ በተጣራው ቆጠራ 709 የመንግሥት ሲስተሞች ቆሙ። ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰው የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን በሚያስቀምጡበት "ጂ ድራይቭ" ላይ ነበር። 858 ቴራባይት ፋይል እንደያዘ ተቃጠለ። ባክአፕ፣ ማለትም ሌላ ቦታ የተቀመጠ መጠባበቂያ ቅጂ፣ አልነበረውም።

ወር ሳይሞላ፣ ሰኞ ጥቅምት 10፣ የአማዞን ክላውድ አሜሪካ ቨርጂኒያ ባለው ማዕከሉ ተናጋ። ስናፕቻት፣ ሲግናል፣ ካንቫ እና ሌሎችም ብዙ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተቸገሩ። እሳት የለም፤ የፈነዳ ነገርም የለም። አንድ አውቶማቲክ ሥርዓት ተሳስቶ የአንድ ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ቋት፣ አገልግሎትን አድራሻ ባዶ አደረገው። የስልክ ማውጫው ላይ ስሙ አለ፣ ቁጥሩ ግን ጠፍቷል እንደማለት ነው።

የመጀመሪያው ማዕከል መንግሥት በራሱ ግቢ፣ በራሱ ባለሙያ የሚያስተዳድረው ነበር። ሁለተኛው በዓለም ትልቁ የኪራይ ክላውድ ነው። እኛ ዘንድ ስለ ክላውድ ወሬ ሲነሳ ደግሞ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሁለት አባባል ያልቃል። አንዱ "ክላውድ ላይ ከጫንነው አይጠፋም" ይላል። ሌላው "ዳታችን በእጃችን ካልሆነ ዋስትና የለንም" ይላል። በአንድ ወር ውስጥ የሁለቱም ክፍተት ታየ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ሳይሻል አይቀርም።

ያሳሳተው ስሙ ነው

ክላውድ ማለት ደመና ነው። ስሙ የመጣው ከኔትወርክ ባለሙያዎች ሥዕል ነው። ከግቢያቸው ውጭ ያለውን መስመር ሁሉ በዝርዝር ላለመሳል በደመና ቅርጽ ያልፉት ነበር። ስሙ ቀረ፣ ሰውም ፋይሉ አየር ላይ የሚንሳፈፍ መሰለው። በተግባር ግን ፋይሉ አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ አንድ ዲስክ ላይ ነው። ሕንፃው ዘበኛ አለው፣ ጀነሬተር አለው፣ የመብራት ሒሳብ ይከፍላል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ብያኔ እስካሁን ይሠራበታል። በአጭሩ እንዲህ ነው። ደንበኛው አገልግሎቱን ሲፈልግ ራሱ ይከፍተዋል። በኔትወርክ ያገኘዋል። ብዙ ደንበኞች አንድን ማሽን ይጋራሉ። ሥራ ሲበዛ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠባል። የተጠቀሙበት ደግሞ እንደ ውኃ ቆጣሪ ይለካል።

በዚህ መለኪያ ስንሄድ ቢሮ ጥግ የተቀመጠ ሰርቨር ከሌላ ክፍል ስለተከፈተ ብቻ ክላውድ አይባልም። በሌላ በኩል ሳናውቀው ክላውድ ውስጥ የገባን ብዙ ነን። አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን ዝርዝር፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤውንና የግዥ ሰነዱን በጉግል ድራይቭ ያስቀምጣል እንበል። አካውንቱ የተከፈተው በአይቲ ሠራተኛው ስም ነው። ማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በእሱ ስልክ ነው። ልጁ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ባሕር ዳር ወይ አዲስ አበባ ከሄደ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ፋይል ለመክፈት ደውሎ ይለምነዋል። ክላውዱ ክላውድ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ግን አይደለም።

ድግሱን ማን ያበስላል?

የክላውድ አገልግሎት በሦስት ዓይነት ይሸጣል። ስሞቹ ረጃጅምና አሰልቺ ናቸው፤ በድግስ ብናያቸው ይቀላል።

ጥር ላይ ልጁን የሚድር ሰው ሦስት ምርጫ አለው። አንደኛ፣ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ተከራይቶ ሽንኩርቱንም ወጡንም ቤተሰቡ ይሠራል። ይህ ኢንፍራስትራክቸር አስ ኤ ሰርቪስ የሚሉት ነው፤ ባለሙያዎች "አያስ" ይሉታል። አቅራቢው ባዶ ማሽንና ማከማቻ ያከራያል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የሚጭነው፣ የሚያድሰው፣ ከቫይረስ የሚጠብቀው ተከራዩ ነው። የራሱን የተማሪ ምዝገባ ሶፍትዌር ያሠራ ኮሌጅ ሰርቨር ከመግዛት ይልቅ በዚህ መልክ ሊከራይ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ወጥ ቤቱ፣ ምድጃውና አጽጂው የተሟላለት አዳራሽ ይከራያል። ደጋሹ የሚያመጣው አስቤዛውንና ሙያውን ብቻ ነው። ይህ ፕላትፎርም አስ ኤ ሰርቪስ፣ ባጭሩ "ፓስ" ነው። የሚጠቅመው ሶፍትዌር ለሚጽፉ ሰዎች ነው። ፕሮግራም ጻፊ ለሌለው መሥሪያ ቤት ብዙም ጉዳዩ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ምግቡ ተሠርቶ፣ በትሪ ተደርድሮ ይመጣል። ሶፍትዌር አስ ኤ ሰርቪስ፣ "ሳስ" የሚባለው ይህ ነው። ኢሜይል፣ በኢንተርኔት የሚሠራ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ የሆቴል ክፍል ማስያዣ፣ የቪዲዮ ስብሰባ ሁሉ እዚህ ይመደባሉ። አብዛኛው ድርጅት ወደ ክላውድ የሚገባው በዚህ በር ነው። ብዙው ገብቷልም።

አሁን ወጡ ጨው በዛበት እንበል። ተጠያቂው ማን ነው? ድስት ያከራየው ሰውዬ አይጠየቅም። ምግቡን ሠርቶ ያመጣው ግን ይጠየቃል። የክላውድ ውልም ኃላፊነትን እንዲህ ይከፋፍላል። ከአያስ ወደ ሳስ በሄድን ቁጥር የአቅራቢው ድርሻ ይሰፋል። አንድ ነገር ግን በሦስቱም ዓይነት የደጋሹ ነው፤ እሱም የጥሪ ዝርዝሩ። ማን ይግባ፣ ማን ምን ይይ፣ የለቀቀው ሠራተኛ ፓስዎርድ ተዘጋ ወይስ አልተዘጋ የሚለውን አቅራቢው ሊያውቅ አይችልም።

ባክአፕም ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚሁ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ስትራስቡርግ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ ዳታ ሴንተር ተቃጠለ። ሌላ ቦታ ቅጂ ያልነበራቸው ደንበኞች ድረ ገጻቸውንም ዳታቸውንም አጡ። ብዙዎቹ ኪራዩ ባክአፕን የሚጨምር መስሏቸው ነበር። ባክአፕ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚገዛ አገልግሎት ነው።

ድንኳኑስ የማን ነው?

አገልግሎቱ እንዴት ይሸጣል ከሚለው ጎን ሌላ ጥያቄ አለ። ማሽኑ የማን ነው፣ ከማንስ ጋር እንጋራዋለን? እዚህ ላይ አራት አማራጭ አለ። ደግነቱ ለሦስተኛው የራሳችን ስም አለን።

የራሱን ድንኳን ገዝቶ መጋዘን ያስቀመጠ ቤተሰብ አለ። ይህ የግል ክላውድ ነው። ማሽኑ ለአንድ ድርጅት ብቻ ይሠራል። ቁጥጥሩ የተሟላ ነው። ዓመቱን ሙሉ ታጥፎ የሚከርመው ድንኳን ግን ገንዘብ የበላ ነው፤ አይጥም ይበላዋል። የዴጆኑ ዳታ ሴንተር የዚህ ዘመድ ነበር።

ድንኳን አከራይ ሱቅ አለ። ይህ የሕዝብ ክላውድ ነው። ስሙ "የሕዝብ" ቢልም የመንግሥት ማለት አይደለም፤ ለከፈለ ሁሉ ክፍት ማለት ነው። አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግል እዚህ ናቸው። በአፍሪካ ማይክሮሶፍት በ2019፣ አማዞን በ2020፣ ጉግል በ2024 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ላይ ማዕከል ከፍተዋል። በአገር ውስጥ ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌ ክላውድ የሚለውን ይሸጣል። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ ዳታ ሴንተሮች አሉ።

ዕድር አለ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ የአባላቱ ሁሉ ነው። ወጪውን በጋራ ያዋጣሉ፣ የተቸገረ ይጠቀማል፣ የሰበረ ይከፍላል። ይህ የማኅበረሰብ ክላውድ ነው። ተመሳሳይ ሥራና ተመሳሳይ ሕግ ያላቸው ተቋማት የሚጋሩት ማለት ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘው "ኢተርኔት" (EthERNet) የተባለው የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ ለዚህ ሐሳብ የሚቀርብ መሠረት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ በክርክሩ ውስጥ የተረሳው አማራጭ ይህ ነው።

ፋሲል ግቢን የጎበኘ ያውቀዋል። የጎንደር ነገሥታት አንዱ ካሠራው ቤተ መንግሥት ጎን ሌላው የራሱን ያሠራ ነበር። ዛሬ ግቢው የሚያምረው በዚያ ምክንያት ነው። ሰርቨር ላይ ግን ይህ ልማድ አያዋጣም። አንዱ ጽሕፈት ቤት የራሱን ማሽን ይገዛል። ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ሌላ ይገዛል። ሁለቱም ግማሽ ሥራ ይሠራሉ፤ ሁለቱም ባለሙያ የላቸውም።

አራተኛው ቅይጥ ክላውድ ነው። የራስን ሰሐን ይዞ የጎደለውን መከራየት። ለጎንደር ሆቴል ይህ በደንብ ይገባዋል። በአዘቦት ቀን የሚበቃው ሲስተም ጥምቀት ሲደርስ አይችልም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ክፍል የሚጠይቀው ሰው ይጎርፋል። ለአሥር ቀን ግርግር ብሎ ዓመት ሙሉ የሚቆም ትልቅ ሰርቨር መግዛት ኪሳራ ነው። ማስያዣውን በሳስ፣ የእንግዳ መዝገቡንና ገንዘብ ተቀባዩን ግቢ ውስጥ ባለ ማሽን ማስኬድ ይቻላል።

መስመሩ ሲቋረጥ

እስካሁን ያልነው በየትኛውም አገር ይሠራል። ጎንደር ላይ ሚዛኑን የሚቀይረው መስመሩ ነው።

የክላውድ መጽሐፎች ኢንተርኔትን እንደ አየር ነው የሚቆጥሩት። እኛ ዘንድ እንዲያ አይደለም። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አገሪቱ ባሕር በር ስለሌላት ወደ ውጭ የሚወጣው ኢንተርኔት በጎረቤት አገር በኩል ነው የሚያልፈው፤ በተለይ በጅቡቲ። በየካቲት 2016 ቀይ ባሕር ሥር የሚያልፉ ኬብሎች ተበጥሰው እንደነበር ይታወሳል። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ሥራውን ሙሉ በሙሉ ኢንተርኔት ላይ ያደረገ ሰው በዚያ ጊዜ ምን እንደገጠመው እዚህ ከተማ ላለ አንባቢ መተረክ አያስፈልግም።

"እንግዲያው ሰርቨሩን ግቢያችን እናድርገው" የሚለው ወገን ክርክሩ የሚጠነክረው እዚህ ነው። እውነትም አለው። ግን ግቢ ውስጥ ያለውንም ሰርቨር ጠጋ ብለን እንየው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለሌላ ሥራ በታሰበ ጠባብ ክፍል ነው። ማቀዝቀዣ ስለሌለ መስኮቱ ይከፈታል፤ በመስኮቱ አቧራ ይገባል። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ፣ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚይዘው ባለ ባትሪ ሣጥን፣ ይጮኻል። ባትሪው ካረጀ ጩኸቱ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያበቃል። ጀነሬተር ካለ ነዳጅ ፍለጋ ይኬዳል። ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ባክአፑ ደግሞ ከሰርቨሩ ጎን በተሰካ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ነው። ሌባ ቢገባ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ይወጣል።

ከዚህ የሚሻለው ሥራውን በሁለት መክፈል ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋ ለደቂቃ ማቆም የማይቻል ሥራ አለ። የሆስፒታል ካርድ ክፍል፣ የመድኃኒት ማደያ፣ የገንዘብ መቀበያ መስኮት እዚህ ናቸው። እነዚህ ግቢው ውስጥ መሥራት የሚችሉና መስመሩ ሲመለስ ከክላውዱ ጋር የሚታረቁ መሆን አለባቸው። ይህ ሕልም አይደለም። በጤናው ዘርፍ ለሪፖርት የሚያገለግለው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌር በስልክ መተግበሪያው ኢንተርኔት ሳይኖር መዝግቦ በኋላ መላክ ያስችላል። ሁለተኛው ክፍል ግማሽ ቀን ቢዘገይ ችግር የሌለው ነው። ኢሜይል፣ ሪፖርት፣ ድረ ገጽ፣ የቆየ ሰነድ። እነዚህን ክላውድ ላይ ማድረግ አያስፈራም።

መስመሩ ካለም ፍጥነቱ መታሰብ አለበት። አንድ ተቋም 500 ጊጋባይት ዳታ አለው እንበል። ወደ ላይ የሚጭንበት ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው። ያለ ማቋረጥ ቢጭን 111 ሰዓት ይፈጅበታል። ይህ አምስት ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው። መጫኑስ ይሁን፤ ቀስ እያለ በሌሊት ይጫናል። ጉዳዩ መመለሱ ነው። ሰርቨሩ ተበላሽቶ ዳታውን ከክላውድ ማውረድ ሲያስፈልግ፣ የማውረጃ ፍጥነቱም ያው ከሆነ፣ ተቋሙ ለአምስት ቀን በወረቀት ይሠራል። ስለዚህ የቅርቡን ዳታ ቅጂ እዚሁ ከተማ፣ ግን ሌላ ሕንፃ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ማራኪ ያለ ቢሮ ቅጂውን አዘዞ ያለ ቅርንጫፉ ጋ ቢያስቀምጥ በሞተር ሳይክል የሚመጣ ዲስክ ከኢንተርኔቱ ይፈጥናል። ያስቃል፤ ስሌቱ ግን ልክ ነው።

ዶላሩና በጀቱ

የሕዝብ ክላውድ ሻጮች ትልቁ መከራከሪያ "ሰርቨር አትግዙ፣ የተጠቀማችሁትን ብቻ ክፈሉ" የሚል ነው። የውጭዎቹ ሒሳብ ግን በዶላር ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 100 ዶላር የሚከፍል ድርጅት 5,700 ብር ያህል ይከፍል የነበረው ከ10,000 በላይ ሆነበት። አንድ ፋይል እንኳ ሳይጨምር። በዚያ ላይ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። በብር የሚያስከፍሉት የአገር ውስጥ አቅራቢዎች ትልቁ ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው።

በመንግሥት ተቋም ደግሞ የበጀቱ አሠራር ይጨመርበታል። ሰርቨር የሚገዛው በካፒታል በጀት ነው። ጨረታ ይወጣል፣ ዕቃው ይገባል፣ ንብረት ክፍል ይመዘግበዋል። ሰኔ ሲደርስ በጀት እንዳይመለስ ተብሎ የሚገዛ ማሽንም አይጠፋም። ክላውድ ግን በየወሩ የሚለዋወጥ ሒሳብ ነው። ንብረት ክፍል ቆጥሮ የሚረከበው ነገር የለም። ሰነዱን የሚያየው ኦዲተር "ዕቃው የት አለ?" ቢል አይፈረድበትም። ይህ የቴክኖሎጂ ችግር አይደለም፤ ብዙ ዕቅድ የሚሰናከለው ግን እዚህ ነው።

ኪራይ ሁልጊዜ ይረክሳል ማለትም አይቻልም። ቤዝካምፕ የተባለውን የሥራ ማስተባበሪያ ሶፍትዌር የሚሠራው 37ሲግናልስ የተባለ ኩባንያ በ2022 እ.ኤ.አ. ለክላውድ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነበር። ከዚያ የራሱን ሰርቨሮች ገዝቶ ወጣ። ሥራው በየወሩ ተመሳሳይ ስለሆነና በቂ ባለሙያ ስላለው አዋጣው። ይህን ምሳሌ የሚጠቅሱ ሰዎች ሁለተኛውን ምክንያት ይዘሉታል።

ሌላ የተደበቀ ወጪም አለ። ብዙ አቅራቢዎች ዳታ ሲገባ አያስከፍሉም፤ ሲወጣ ያስከፍላሉ። ነጻ ከሚሰጠው መጠን ካለፈ የአማዞን መደበኛ ዋጋ አሜሪካ ላይ ለአንድ ጊጋባይት 9 የዶላር ሳንቲም ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ብዙ ቴራባይት የሕክምና ምስል ላለው ሆስፒታል ግን ትንሽ አይደለም። ነጻ የነበረም ነጻ ሆኖ አይቀርም። ጉግል ለትምህርት ተቋማት ገደብ የለሽ ማከማቻ ይሰጥ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ይህን እንደሚቀይር አሳወቀና ለአንድ ተቋም በጠቅላላ 100 ቴራባይት መነሻ አደረገው። በሺዎች የሚቆጠር ተማሪ ላለው ዩኒቨርሲቲ ይህ ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል ብዙ አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ሁሉ ግዴታ አለበት። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የጤና መረጃ የበለጠ ጥበቃ ይሻል። የግል መረጃን ከአገር ማስወጣትም በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነው። ስለዚህ የታካሚ መዝገብን ኬፕ ታውን ወይም አየርላንድ ማስቀመጥ የአይቲ ክፍሉ ብቻውን የሚወስነው ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። የሕግ ክፍሉ ቀድሞ ማየት አለበት። የሆቴሉ የምግብ ዝርዝር ግን የትም ቢቀመጥ ማንም አይጠይቅም። የእንግዳው የፓስፖርት ቅጂ ይጠየቃል።

"አገር ውስጥ ከሆነ ደህና ነው" የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ሕጉን ያቀላል፣ ምንዛሪውን ያቀላል። ደህንነቱን ግን በራሱ አያረጋግጥም። ዳታው ተመስጥሮ፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ተደርጎ፣ ካልተቀመጠና የምስጢር ቁልፉ በተቋሙ እጅ ካልሆነ አዲስ አበባም ይሁን ቨርጂኒያ ልዩነቱ ጠባብ ነው።

ከመፈረም በፊት

ውል ሲቀርብ ብዙ ሰው የሚያየው ዋጋውን ነው። ከዋጋው ይልቅ መውጫውን ማየት ይጠቅማል። ውሉ ሲያልቅ ዳታውን በምን ዓይነት ፋይል፣ በስንት ቀን ውስጥ ይመልሳሉ? ኤክሴል ላይ የሚከፈት ነው ወይስ በእነሱ ሶፍትዌር ብቻ? ክፍያ አንድ ወር ቢዘገይ ይዘጋሉ ወይስ ይሰርዛሉ? ባንክ ቤት ወረፋ ይዞ ዶላር ለሚጠብቅ ድርጅት የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም።

ሙከራም አለ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ። ሥራ በማይበዛበት ከሰዓት በኋላ የኢንተርኔት ኬብሉን ነቅሎ አንድ ሰዓት መጠበቅ። የትኛው መስኮት ሰው ማስተናገዱን ቀጠለ? የትኛው ቆመ? የቆመው መቆም የነበረበት ነው? በሌላ ቀን ደግሞ ከባክአፑ ላይ ዓመት የሆነው አንድ ፋይል መርጦ ለመመለስ መሞከር። ተመልሶ ካልተከፈተ ባክአፕ አለን ማለት አይቻልም።

ዴጆን ላይ ከእሳቱ በኋላ የጉዳቱ ክብደት በየመሥሪያ ቤቱ ተለያየ። የሲቪል ሠራተኞችን አስተዳደር የሚመራው ሚኒስቴር ሠራተኞቹ ሁሉንም ፋይል እዚያው ጂ ድራይቭ ላይ እንዲያስቀምጡ አድርጎ ስለነበር ክፉኛ ተጎዳ። ድራይቩን ብዙም የማይጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች ጉዳታቸው ቀለል አለ። ሠራተኞቹ የጠፋውን መልሰው ለመሰብሰብ የተነሡት በየኮምፒውተራቸው ላይ ከቀረ ፋይል፣ ከተላላኩት ኢሜይልና አትመው ካስቀመጡት ወረቀት ነበር።